በውጭ አገር ሲኖሩ ገንዘብን ማስተዳደርና ኢንቨስት ማድረግ፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

ወደ ሌላ አገር ተዛውረው ሥራ ከጀመሩ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ምን ላይ ላውለው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቅደም ተከተሉ ወደ መጨረሻ የሚመጣ ነው። በውጭ አገር ለሚኖር ሰው የትኛው ፈንድ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ ኢንቨስት የሚያደርግ ተቋም) ወይም አክሲዮን እንደሚስማማው የሚወስኑት ከገበያው በፊት ያሉ ሦስት ጉዳዮች ናቸው፦ በግብር ሕግ ፊት የየት አገር ነዋሪ እንደሆነ፣ ዜግነቱ ምን ግዴታ እንደሚያስከትልበት፣ እንዲሁም የወደፊት ወጪውን በየትኛው አገር ገንዘብ እንደሚከፍል። እነዚህ ሳይጣሩ የተገዛ ፈንድ፣ ፈንዱ ራሱ መልካም ቢሆንም እንኳ፣ ያተረፈውን በግብር፣ በምንዛሪና በቅጣት መልሶ ሊያጣው ይችላል። መመሪያው ከኢንቨስትመንት ሳይሆን ከመዝገብ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በታች «የመኖሪያ አገር» የምለው አሁን የሚኖሩበትን፣ «የቀድሞ አገር» የምለው ደግሞ ለቀው የመጡበትን ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ የተዛወሩ ከሆነ፣ አሁንም ሒሳብ፣ ንብረት ወይም የጡረታ መብት ላለዎት ለእያንዳንዱ የቀድሞ አገር ደረጃዎቹን ይድገሙ።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

- ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንዲሁም ላለፉት ሦስት ዓመታት ከየአገሩ የገቡበትና የወጡበት ቀን ዝርዝር
- ከመኖሪያ አገርዎና ከቀድሞው አገር የተሰጠዎት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር
- የሥራ ውልና የደመወዝ መግለጫዎች
- አድራሻዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ ለምሳሌ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ክፍያ ደረሰኝ
- በሁሉም አገሮች ያሉዎት የባንክ፣ የኢንቨስትመንትና የጡረታ ሒሳቦች ዝርዝር
- ያለፉት ሦስት ዓመታት የገቢ ግብር ማስታወቂያዎች
- አንድ የሰንጠረዥ ፋይል (ኤክሴል ወይም ተመሳሳይ)
- በቀድሞው አገር የተመዘገበና አሁንም የሚሠራ የስልክ ቁጥር

የእያንዳንዱን ሰነድ ዲጂታል ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ በይለፍ ቃል ተጠብቆ ያስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ በተዛወሩበት ቀን የነበረዎትን ሀብት ይመዝግቡ

ወደ መኖሪያ አገርዎ በገቡበት ቀን የነበረዎትን እያንዳንዱን የባንክ ሒሳብ፣ አክሲዮን፣ ቤት፣ መሬት፣ የጡረታ ቁጠባና ዕዳ በሰንጠረዡ ላይ ያስፍሩ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የተገዛበትን ቀንና ዋጋ፣ በተዛወሩበት ቀን የነበረውን የገበያ ዋጋ እና የዚያን ዕለት የምንዛሪ ተመን ይጻፉ። ማስረጃ እንዲሆንም የዚያን ወር የሒሳብ መግለጫዎች አውርደው ያስቀምጡ።

ይህ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም ኋላ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያድነው እርሱ ነው። ንብረት ሲሸጥ ግብር የሚታሰበው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። እንደ ካናዳና አውስትራሊያ ያሉ አገሮች ግን አዲስ ነዋሪ ይዞት የመጣውን አብዛኛውን ንብረት፣ ነዋሪ በሆነበት ቀን በገበያ ዋጋ እንደገዛው አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ ከዚያ ቀን በፊት የጨመረው ዋጋ በእነርሱ ዘንድ ግብር አይታሰብበትም። በዚህ ለመጠቀም የዚያን ቀን ዋጋ ማስረዳት የሚጠበቅብዎት እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያውን የግዢ ዋጋ ብቻ በሚመለከቱ አገሮች ደግሞ የግዢው ደረሰኝ ይፈለጋል። ባንኮች የቆየ መዝገብ የሚያስቀምጡት ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ በመሆኑ፣ ዛሬ በጥቂት ደቂቃ የሚወርደው መግለጫ ከአሥር ዓመት በኋላ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል።

አገር ለቀው በሚወጡበትም ቀን ይህንኑ ይድገሙ። ለምሳሌ ካናዳ ነዋሪነቱን ያቋረጠ ሰው አብዛኛውን ንብረቱን በዚያው ቀን እንደሸጠ ቆጥራ ግብር ታስባለች፤ በአገሪቱ ውስጥ ያለ ቤትና መሬት እንዲሁም የተመዘገቡ የጡረታ ሒሳቦች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ይህን ሳያውቅ የወጣ ሰው፣ ምንም ሳይሸጥና ጥሬ ገንዘብ በእጁ ሳይገባ የግብር ዕዳ ሊመጣበት ይችላል።

ደረጃ 2፦ ለግብር ዓላማ የየት አገር ነዋሪ እንደሆኑ ያረጋግጡ

ዜግነት፣ የመኖሪያ ፈቃድ እና ለግብር ዓላማ ነዋሪ መሆን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የግብር ነዋሪ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃድ ያለው ደግሞ ላይሆን ይችላል። አብዛኞቹ አገሮች ነዋሪያቸው ከየትኛውም የዓለም ክፍል ያገኘውን ገቢ እንዲያሳውቅ ስለሚጠይቁ፣ በቀጣዮቹ ደረጃዎች የሚሰጡት መልስ ሁሉ በዚህኛው ላይ ይመሠረታል።

«ከ183 ቀን በታች ስለቆየሁ ነዋሪ አይደለሁም» የሚለውን አባባል ብዙ ሰዎች እንደ ሕግ ይዘውታል። ብዙ አገሮች 183 ቀንን እንደ አንድ መለኪያ የሚጠቀሙበት መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከእርሱ ጎን ለጎን ቋሚ ቤት የት እንዳለዎት፣ የትዳር ጓደኛዎና ልጆችዎ የት እንደሚኖሩና ሥራዎ የት እንደሚከናወን ይመዝናሉ። በዩናይትድ ኪንግደም ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት የነዋሪነት መመዘኛ፣ ከአገሪቱ ጋር ብዙ ትስስር ያለውን ሰው ከ183 ቀን በእጅጉ ባነሰ ቆይታም ነዋሪ ሊያደርገው ይችላል።

ማጣራቱን በሚከተለው መንገድ ያከናውኑ።

ሀ) የሁለቱም አገሮች የግብር መሥሪያ ቤቶች ስለ ነዋሪነት ያወጡትን መመሪያ ከራሳቸው ይፋዊ ገጽ ያንብቡ። የሥራ ባልደረባ የነገረዎት መልስ ለእርሱ ሁኔታ ትክክል ሆኖ ለእርስዎ ስህተት ሊሆን ይችላል።

ለ) በእያንዳንዱ የግብር ዓመት በየአገሩ ያሳለፉትን ቀን ይቁጠሩ። የግብር ዓመት በሁሉም ቦታ ከጃንዋሪ 1 እንደማይጀምር ያስተውሉ፤ ለምሳሌ በዩናይትድ ኪንግደም ከኤፕሪል 6፣ በአውስትራሊያ ከጁላይ 1 ይጀምራል።

ሐ) ሁለቱም አገሮች «ነዋሪያችን ነህ» የሚሉበት ሁኔታ ካጋጠመዎት፣ በመካከላቸው ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት መኖሩን ይመልከቱ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን (የኦኢሲዲን) ሞዴል የተከተሉ ስምምነቶች ጉዳዩን በቅደም ተከተል ይፈቱታል፦ መጀመሪያ ቋሚ መኖሪያ ቤት የሚገኝበት አገር ይታያል፤ በሁለቱም ካለ የግልና የኢኮኖሚ ሕይወት ማዕከል የሆነው፤ እርሱም ካልለየ በልማድ የሚኖሩበት፤ ከዚያም ዜግነት፤ በመጨረሻ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናት ተነጋግረው ይወስናሉ።

መ) ነዋሪ ከሆኑበት አገር የግብር መሥሪያ ቤት የግብር ነዋሪነት ማረጋገጫ ይጠይቁ። ሌላው አገር ከትርፍ ድርሻ ወይም ከወለድ ላይ የሚቀንስብዎትን ግብር በስምምነቱ ወደተፈቀደው መጠን ለማውረድ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይህ ሰነድ ነው።

የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ዜጎቿንና የግሪን ካርድ ባለቤቶችን የትም ቢኖሩ በዓለም አቀፍ ገቢያቸው ላይ ታስከፍላለች፤ ስለዚህ በሌላ አገር የግብር ነዋሪ መሆንዎ በየዓመቱ ለአሜሪካ ከማሳወቅ ነፃ አያደርግዎትም። በውጭ አገር የተከፈለን ግብር የማቀናነስና የሥራ ገቢን እስከ ተወሰነ መጠን ከግብር ነፃ የማድረግ ድንጋጌዎች ስላሉ ብዙ ሰዎች በመጨረሻ የሚከፍሉት ላይኖር ይችላል፤ ሆኖም እነዚህን ጥቅሞች የሚያገኙት ማስታወቂያውን በማቅረብ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት በራሱ አይሠራም። ጥቅሙን በማስታወቂያዎ ላይ መጠየቅና ማስረጃ ማያያዝ አለብዎት።

ደረጃ 3፦ የባንክ ሒሳቦችዎን ያደራጁ

በመኖሪያ አገርዎ ደመወዝ የሚገባበትና ወጪ የሚከፈልበት አንድ ዋና ሒሳብ ይክፈቱ። በቀድሞው አገርም ቢቻል አንድ ሒሳብ ሳይዘጉ ያቆዩ፤ የጡረታ ክፍያ፣ የግብር ተመላሽ ወይም የቤት ኪራይ ገቢ የሚደርስዎት በእርሱ በኩል ነው። ከአንድ በላይ ማቆየት ግን አላስፈላጊ ክፍያና ተጨማሪ የማሳወቅ ሥራ ያመጣል።

ለቀድሞው ባንክዎ ወደ ውጭ መዛወርዎን በጽሑፍ ያሳውቁ። አንዳንድ ባንኮች በውጭ የሚኖር ደንበኛ አያስተናግዱም፤ ሌሎች ደግሞ ሒሳቡን ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች ወደተዘጋጀ ዓይነት ይለውጡታል። «እንዳይዘጉብኝ» በሚል የዘመድ አድራሻ እየሰጡ መቀጠል ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ለባንኩ የሚሰጡት የነዋሪነት መረጃ ለግብር መሥሪያ ቤቶች ስለሚተላለፍ ሐሰተኛ መግለጫ ይሆንብዎታል። ሒሳቡ ከታገደም ገንዘቡን ለማስለቀቅ የሚጠየቁት የዚያኑ አድራሻ ማረጋገጫ ነው።

የቀድሞውን የስልክ ቁጥር ከመዝጋትዎ በፊት የማረጋገጫ ኮድ የሚልክበትን ሒሳብ ሁሉ ወደ ሌላ የማረጋገጫ መንገድ ያዛውሩ። ይህን ሳላደርግ ቁጥሬን በመዝጋቴ የራሴን ቁጠባ ለሳምንታት ማንቀሳቀስ አልቻልኩም ነበር፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት እንዲያልቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

የተቀማጭ ገንዘብ መድንንም ያጣሩ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ዩሮ፣ በአሜሪካ ደግሞ በመድኑ በተካተተ በአንድ ባንክና በአንድ የባለቤትነት ዓይነት እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና አለው። ብዙ የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያዎች ግን ባንክ አይደሉም፤ የደንበኛን ገንዘብ ለይተው እንዲያስቀምጡ ቢገደዱም የተቀማጭ መድን ላይኖራቸው ይችላል። ለዝውውር ይጠቀሙባቸው እንጂ ቁጠባዎን አያከማቹባቸው።

ደረጃ 4፦ ከኢንቨስትመንት በፊት መጠባበቂያ ያስቀምጡ

በተለምዶ የሚመከረው የሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ ነው። በውጭ አገር ለሚኖር፣ በተለይም የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር ለተሳሰረ ሰው፣ ይህ አይበቃም። ሥራውን ሲያጣ ገቢውን ብቻ ሳይሆን በአገሩ የመቆየት መብቱንም በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊያጣ ስለሚችል፣ የመመለሻውም ወጪ በመጠባበቂያው ውስጥ መታሰብ አለበት።

ስሌቱን በዚህ ዓይነት ይሥሩ፦ የወር ወጪዎ 2,000 ቢሆን ለስድስት ወር 12,000 ይሆናል። የቤተሰቡ የጉዞ ቲኬትና የዕቃ ማጓጓዣ 3,000፣ የኪራይ ውልን ከጊዜው በፊት ለማቋረጥ 1,000፣ በሚሄዱበት አገር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 3,000 ቢያስፈልግ ጠቅላላ መጠባበቂያው 19,000 ነው። የስድስት ወሩን ወጪና የኪራይ ማቋረጫውን በመኖሪያ አገርዎ ገንዘብ፣ መመለሻ ሲደርሱ የሚያወጡትን ደግሞ በሚሄዱበት አገር ገንዘብ ያስቀምጡ። እንዲህ ሲያደርጉ፣ ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ቀን ምንዛሪ ቢወርድ መጠባበቂያዎ አይቀንስም።

መጠባበቂያውን በአክሲዮን ወይም በጊዜ ገደብ በተቆለፈ ቁጠባ አያስቀምጡ። የሥራ መቀነስና የገበያ መውደቅ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ፣ የሚሸጡት ዋጋው በወረደበት ሰዓት ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ገንዘብ ሲያስተላልፉ ሙሉውን ዋጋ ያስሉ

የዝውውር ዋጋ ሁለት ክፍል አለው፦ በግልጽ የሚጠየቅ የአገልግሎት ክፍያ እና በምንዛሪ ተመኑ ውስጥ የተደበቀ ልዩነት። «ያለ ክፍያ» ተብሎ የሚተዋወቅ ዝውውር ብዙ ጊዜ በሁለተኛው በኩል የሚያስከፍል ነው።

ለማነጻጸር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ይህን ያህል ብልክ ተቀባዩ እጅ የሚደርሰው ስንት ነው? የደረሰውን መጠን በመካከለኛው የገበያ ተመን፣ ማለትም በመግዣና በመሸጫ ተመን አማካይ፣ መድረስ ከነበረበት ላይ ይቀንሱ፤ የአገልግሎት ክፍያው ለብቻው ከተጠየቀ ይደምሩበት። የሚያገኙት ቁጥር እውነተኛው ወጪ ነው። ለምሳሌ 1,000 ሲልኩ ክፍያው 5፣ የተመኑ ልዩነት ደግሞ 3 በመቶ ቢሆን ወጪው 35 ነው፤ በየወሩ ሲደጋገም በዓመት 420 ይደርሳል። ይህን ወደ ግማሽ ማውረድ ከብዙ የኢንቨስትመንት ምርጫዎች ይልቅ አስተማማኝ ጥቅም አለው።

ከፍ ያለ መጠን ሲያስተላልፉ የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳይ ሰነድ አስቀድመው ያዘጋጁ። ቤት ሸጠው ከሆነ የሽያጭ ውሉን፣ ከቁጠባ ከሆነ የሒሳብ መግለጫውን ባንኩ ሊጠይቅዎት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሪፖርት ለማምለጥ ሲባል ገንዘብን ሆን ብሎ እየከፋፈሉ ማስገባት ወይም መላክ፣ ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ቢሆንም፣ በአሜሪካ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በሌሎች አገሮችም ሒሳብ ሊያሳግድ ይችላል።

ደረጃ 6፦ የጡረታ መዋጮና መድን

ከየሠሩበት አገር የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት የመዋጮ ታሪክዎን ያውጡ። በአሜሪካ የጡረታ መብት ለማግኘት በመደበኛነት 40 የመዋጮ ነጥብ፣ ማለትም የ10 ዓመት ሥራ ያህል ያስፈልጋል፤ በዩናይትድ ኪንግደምም አዲሱን የመንግሥት ጡረታ በከፊል እንኳ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ማሟላት ይጠይቃል። ይሁንና አገሮች እርስ በርስ በሚያደርጉት የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት የሁለቱ አገሮች ዓመታት ተደምረው ለመብቱ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ለጥቂት ወራት የጎደለዎት ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ማወቁ ውሳኔዎን ሊለውጥ ይችላል።

የጤና መድንዎ በየትኞቹ አገሮች እንደሚሠራ፣ የሕይወት መድንዎም ከተዛወሩ በኋላ መጽናቱን ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ የማሳወቅ ግዴታዎችዎን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያስፍሩ

ግብር መክፈልና ማሳወቅ አንድ አይደሉም። ምንም የሚከፈል ግብር ሳይኖር ባለማሳወቅ ብቻ ከባድ ቅጣት ሊመጣ ይችላል፤ በጣም የሚያሳዝኑኝ ጉዳዮችም ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

በኦኢሲዲ በ2014 የጸደቀው የጋራ የሪፖርት ደንብ፣ በአጭሩ ሲአርኤስ፣ ከ2017 ጀምሮ በተግባር ላይ ውሎ ከ100 በላይ አገሮችና ግዛቶች የውጭ ነዋሪዎችን የሒሳብ መረጃ በየዓመቱ ይለዋወጡበታል። አሜሪካ በዚህ ውስጥ ባትሆንም በ2010 ባወጣችው ፋትካ በተባለው ሕግ የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን ሒሳብ እንዲያሳውቁ ታደርጋለች። ስለዚህ በሌላ አገር ያለዎት ሒሳብ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የማይታይ ነው ብለው አይነሡ።

የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆኑ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሒሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ኤፍባር የተባለውን ሪፖርት ማቅረብ አለብዎት። ይህ ከገቢ ግብር ማስታወቂያው የተለየ ነው፤ ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 15 ሲሆን እስከ ኦክቶበር 15 በራሱ ይራዘማል። ገደቡ ለእያንዳንዱ ሒሳብ ሳይሆን ለድምሩ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ 4,000 ዶላር ያለባቸው ሦስት ሒሳቦች ግዴታውን ያስከትላሉ።

በሌሎች አገሮች የሚኖሩም የውጭ ሒሳብን በተመለከተ የራሳቸው ቅጽ መኖር አለመኖሩን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ያጣሩ። ያለፉ ዓመታት ያልቀረበ ማስታወቂያ ካለዎት መሥሪያ ቤቱ ሳይጠይቅዎት በራስዎ ተነሣሽነት ቢቀርቡ፣ ብዙ አገሮች ቅጣትን የሚያቀልሉበት ሥርዓት አላቸው።

ደረጃ 8፦ ወደ ኢንቨስትመንት ይግቡ

ሀ) ወጪዎ በየትኛው ገንዘብ እንደሚሆን ይወስኑ። ከአምስት ዓመት በኋላ በመኖሪያ አገርዎ ቤት ለመግዛት ካሰቡ ለዚያ የሚሆነው ገንዘብ በዚያው አገር ገንዘብ መያዝ አለበት። የሚመለሱበት ጊዜ ሩቅ ወይም ያልታወቀ ከሆነ፣ በብዙ አገሮች ላይ የተበተነ የአክሲዮን ፈንድ በአንድ ገንዘብ መውደቅ ብቻ እንዳይጎዱ ያግዛል። አንድ ፈንድ በዶላር ተመኑ ስለተጻፈ ብቻ የዶላር ኢንቨስትመንት አይሆንም፤ ወሳኙ በውስጡ ያሉት ድርጅቶች ገቢያቸውን በምን እንደሚያገኙ ነው።

ለ) ደላላ ድርጅቱ በመኖሪያ አገርዎ ያለን ደንበኛ እንደሚቀበል ያረጋግጡ። በቀድሞው አገር የከፈቱት የኢንቨስትመንት ሒሳብ ከተዛወሩ በኋላ አዲስ ግዢ ሊከለከልበት ይችላል። በቀድሞው አገር ከግብር ነፃ የነበረ የቁጠባ ሒሳብም በመኖሪያ አገርዎ ያንኑ መብት ላያገኝ ይችላል፤ ለምሳሌ የዩናይትድ ኪንግደም አይሳ ሒሳብ በሌሎች አገሮች የግብር ሕግ ፊት ባብዛኛው እንደ ማንኛውም ሒሳብ ይታያል፤ ነዋሪነትዎ ካበቃም በኋላ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አዲስ ገንዘብ ማስገባት አይችሉም።

ሐ) ፈንዱ የተመዘገበበትን አገር ይመልከቱ። ይህ ብዙ ሰው የማያየው፣ ግን ከፍተኛ ልዩነት የሚያመጣ ነጥብ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑና እዚያ የማይኖሩ ከሆነ፣ ከአሜሪካ ድርጅቶች በቀጥታ የሚያገኙት የትርፍ ድርሻ ስምምነት ካልቀነሰው በቀር 30 በመቶ ይቀነስበታል። በአየርላንድ የተመዘገበ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ) ግን በሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት ከአሜሪካ ድርጅቶች በሚቀበለው የትርፍ ድርሻ ላይ በተለምዶ 15 በመቶ ይከፍላል። ከዚህ የሚከብደው የውርስ ግብር ነው፦ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነና በዚያ ቋሚ መኖሪያ የሌለው ሰው ሲሞት፣ በስሙ ያሉ የአሜሪካ አክሲዮኖችና በአሜሪካ የተመዘገቡ ፈንዶች ከ60,000 ዶላር በላይ ሲሆኑ፣ ስምምነት ካልከለለው በቀር እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ግብር ሊጠየቅባቸው ይችላል። ደላላው በሌላ አገር መሆኑ ይህን አይለውጥም።

የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። ከአሜሪካ ውጭ የተመዘገበ የጋራ ፈንድና ኢቲኤፍ ፒፊክ በተባለው ደንብ ሥር ስለሚወድቅ ከባድ ግብርና ውስብስብ ቅጽ ያስከትላል። ስለዚህ ጎረቤትዎ በደስታ የሚመክርዎት ፈንድ ለእርስዎ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

መ) ክፍያውን ያስሉ። 100,000 የሆነ ገንዘብ በዓመት 6 በመቶ ቢያድግና 0.2 በመቶ ክፍያ ቢቀነስበት ከ20 ዓመት በኋላ 309,000 ያህል ይሆናል፤ ክፍያው 2 በመቶ ቢሆን ግን 219,000 ያህል ብቻ ይደርሳል። ልዩነቱ ከመነሻው ገንዘብ ጋር ሊስተካከል ጥቂት ነው የቀረው። ሰፊ ገበያን የሚከተሉ የኢንዴክስ ፈንዶች ክፍያ ዝቅተኛ በመሆኑ ለጀማሪ ተስማሚ ናቸው።

ሠ) ቋሚ የወር ግዢ ይወስኑ፤ የአክሲዮንና የቦንድ ድርሻዎን በጽሑፍ ያስቀምጡ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚያስፈልግዎትን ገንዘብ በአክሲዮን ላይ አያውሉ።

ረ) እያንዳንዱን ግዢ ከዕለቱ የምንዛሪ ተመን ጋር ይመዝግቡ። በብዙ አገሮች ትርፍ የሚታሰበው በመኖሪያ አገሩ ገንዘብ ነው። 100 ዶላር የነበረ አክሲዮን ሲሸጥም 100 ዶላር ቢያወጣ ምንም ያላተረፉ ይመስልዎታል። ነገር ግን ሲገዙ አንድ ዶላር በ10፣ ሲሸጡ በ12 ይመነዘር ከነበረ፣ በመኖሪያ አገር ገንዘብ 200 አትርፈዋል ተብሎ ግብር ሊታሰብበት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎችን እየፈለጉ ለ20 ወይም ለ25 ዓመት የሚቆይ ወርኃዊ «የቁጠባ ዕቅድ» የሚሸጡ አማካሪዎች አሉ። ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን አቅርበው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፦ በሁለተኛው ዓመት ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል? ጠቅላላው ዓመታዊ ክፍያ በመቶ ስንት ነው? አማካሪው ከዚህ ሽያጭ የሚያገኘው ኮሚሽን ስንት ነው? አማካሪው ፈቃድ ያለው መሆኑንም ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ራስዎ ያረጋግጡ። የመጀመሪያዎቹ ወራት መዋጮ ኮሚሽን መሸፈኛ በሚሆንባቸው ዕቅዶች ቶሎ ያቋረጠ ሰው የሚመለስለት በጣም ጥቂት ነው።

ደረጃ 9፦ ኑዛዜና ውክልና ያዘጋጁ

በሁለት አገር ንብረት ያለው ሰው ሲሞት የየትኛው አገር የውርስ ሕግ እንደሚሠራ ካልተወሰነ ቤተሰቡ ለዓመታት ሊጉላላ ይችላል። በአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኦገስት 17 ቀን 2015 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ፣ ሟቹ በመጨረሻ በመደበኛነት ይኖርበት የነበረው አገር ሕግ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ነገር ግን በኑዛዜዎ የዜግነትዎን አገር ሕግ መምረጥ ይችላሉ። ዴንማርክና አየርላንድ በዚህ ደንብ አይካተቱም።

በእያንዳንዱ አገር የተለየ ኑዛዜ የሚያስጽፉ ከሆነ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዳይሽረው ጠበቃው በግልጽ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ «ከዚህ በፊት የተሰጠ ኑዛዜ ሁሉ ተሽሯል» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ሳይታሰብ የሌላውን አገር ኑዛዜ ሊያፈርስ ይችላል። በቀድሞው አገር ጉዳይዎን የሚያስፈጽም ሰው ካለ፣ ውክልናው ለየትኛው ሥራ እንደተሰጠና እስከ መቼ እንደሚጸና የተወሰነ ይሁን። ሰነዶቹ በሌላ አገር እንዲሠሩ፣ ሁለቱም አገሮች የ1961ዱ የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የተባለው ማረጋገጫ ይበቃል፤ ካልሆኑ በኤምባሲ በኩል ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ደረጃ 10፦ በየዓመቱ አንድ ቀን መድበው ይከልሱ

የግብር ዓመቱ ከማለቁ ሁለት ወር በፊት ሰንጠረዡን ይክፈቱ። የቆይታ ቀናትዎን ይቁጠሩ፤ የሁሉንም ሒሳቦች የዓመቱን ከፍተኛ ቀሪ ይመዝግቡ፤ የአክሲዮንና የቦንድ ድርሻዎ ካሰቡት ከራቀ በአዲስ መዋጮ ያስተካክሉ። የአሜሪካ አክሲዮን ካለዎት የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ለደላላው የሞሉት ደብልዩ-8ቤን ቅጽ ጊዜው አለማለፉን ይዩ፤ ቅጹ በተለምዶ ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ ካልታደሰም ሙሉው 30 በመቶ መቀነስ ይጀምራል። የመለወጥ ሐሳብ ካለዎት፣ ማለትም ሌላ አገር ለመሄድ ወይም ለመመለስ ካሰቡ፣ ትርፍ ያለበትን ንብረት ከመውጣት በፊት ወይስ በኋላ መሸጥ እንደሚሻል የሁለቱንም አገሮች ሕግ የሚያውቅ የግብር ባለሙያ በዚህ ጊዜ ያማክሩ፤ ከተዛወሩ በኋላ ምርጫው ይጠብባል።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው፣ ደመወዝ ግብር በማይቀነስበት አገር የሚሠራ ሰው ምንም ግዴታ የለብኝም ብሎ ማሰቡ ነው። የቀድሞው አገር ነዋሪነት በትክክል ካልተቋረጠ ያ ገቢ ሁሉ በቀድሞው አገር ሊጠየቅበት ይችላል። ሁለተኛው፣ ሁሉንም ቁጠባ በቀድሞው አገር ቤት ወይም መሬት ላይ ማዋል ነው፤ ንብረቱ በችግር ጊዜ ቶሎ አይሸጥም፤ የሚያገኘው ኪራይም በመኖሪያ አገር መታወቅ ሊኖርበት ይችላል። ሦስተኛው፣ ንብረትን በዘመድ ስም ማስመዝገብ ነው፤ ሕጋዊ ባለቤቱ ዘመድዎ ስለሚሆን ቢሞት ለወራሾቹ ያልፋል፤ ዕዳ ካለበትም አበዳሪው ሊይዘው ይችላል። አራተኛው በትዳር ላይ ይደርሳል፦ ከጥንዶቹ አንዱ ብቻ ሒሳቦቹን፣ የይለፍ ቃሎቹንና ሰነዶቹን ያውቃል። የሒሳቦቹን ዝርዝርና የሰነዶቹን ቦታ የያዘውን ሰንጠረዥ ለትዳር ጓደኛዎ ያሳዩ፤ እርስዎ ሳይኖሩ ከፍተው ማግኘታቸውንም በዚያው ቀን አብረው ይሞክሩ።